ጭራው አይሰማም

«አጥፉት! የግራውን ቬንትሌተር አጥፉት እስቲ!»

አናጢው ይህን ብሎ ከወንበሩ ብድግ ሲል ለቅሶ ቤቱ ያለው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ሚስቱን ከቀበረ ገና ሳምንት አልሞላውም። ከጠዋት ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ፣ «እግዜር ያጽናህ» ላለው ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ ነው የዋለው። እህቱ ደንግጣ ክንዱን ያዘችው።

«ምን ሆንክ ወንድምዬ? በረደህ እንዴ?»

«ምን በረደህ ትይኛለሽ! ይልቅ መጋረጃውን እዪ!»

ሁሉም ዞሮ መጋረጃውን አየ። ሰው በዝቶ ክፍሉ ስለታፈነ፣ ከጎረቤት ሁለት ቬንትሌተር ተውሰው በሁለቱ መስኮቶች ፊት ለፊት አቁመዋቸዋል። የሁለቱም መስኮት መጋረጃ ይውለበለባል። በመስኮቶቹ መሀል ጠረጴዛ ላይ የሟቿ ፎቶ ተቀምጧል፤ ጥጉ ላይ የታሰረችው ጥቁር ሪባን ግን ንቅንቅ አትልም። ያ ሁሉ ነፋስ በግራና በቀኟ ያልፋል እንጂ እሷን አይነካትም።

የሰፈሩ ባለሱቅ ተነስቶ የግራውን አጠፋ። የግራው መጋረጃ ረገብ አለ፤ የቀኙ ግን አሁንም ይውለበለባል።

«አገኘሁት! ኧረ አገኘሁት!» አለ አናጢው።

«አበስኩ ገበርኩ» አሉ አንዲት ሴትዮ በሹክሹክታ። «ሐዘኑ ናላውን አዞረው።»

ናላውስ ደህና ነበር። ያገኘው የጭራውን ነገር ነው።

ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ፣ እሱም ጭምር፣ «ቲቸር» ነው የሚላት። በኮስታራነቷ ስሟ የወጣ ናት፤ እሷ ክፍል ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትገባው ይባላል። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። በሪሞት የሚበር አውሮፕላን እሷ ትነድፋለች፣ እሱ ይቆርጣል። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ጥጉ ላይ ምልክት ካላደረገችና አቧራውን እፍ ካላለችበት በቀር አንዲት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ኮላ አትነካም። የቤቱ ሕግ ይኸው ነበር።

«እጅህ ይፈጥናል፣ ዓይንህ ይዘገያል» ትለዋለች።

«ያንቺ ደግሞ አፍሽ ይቀድማል» ይላታል። እንዲህ ሲነታረኩ ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያዋን ያስነሱት ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነው። ትንሽ ብትሆንም ሁለት ሞተር ነበራት። ቲቸር ሪሞቱን ይዛ እየዘለለች «አየሃት! ተነሳች እኮ!» ስትል፣ አንዱ ሞተር ቀጥ አለ። አውሮፕላኗ ወደ ቆመው ሞተር ተጠመዘዘች። ቲቸር መሪውን እስከ ጥጉ እየገፋች «ጭራው አይሰማም! አይሰማም!» ብትልም፣ አውሮፕላኗ ሄዳ ቲማቲም እርሻ ውስጥ ተተከለች። እሱ ሊያጽናናት አፉን ሲከፍት እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። ስብርባሪውን በቀሚሷ እየለቀመች «ቀጣዩ ትልቅ ነው የሚሆነው» አለች። «ግን እወቅ፤ በአንድ ሞተር ቤቱ መግባት የማይችል አውሮፕላን እኔ አላስነሳም።»

ትልቁ ተሠራ። ክንፉ ብቻውን የሥራ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላል። አንዱ ሞተር ሲቆም አውሮፕላኑን የሚያቀናው ጭራ ግን አልሆን አለ። አስረዘሙት፣ አሰፉት፤ ቲቸር ባሰላች ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። እንዲህ እንዳለች አንድ ጠዋት ልቧ ቀጥ አለ።

ዛሬ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ፋርማሲስቱ ቁርጡን ነግሮታል። «ነገ መኪና አምጥቼ አውሮፕላኑን ለቴክኒክ ትምህርት ቤት እሰጠዋለሁ። ባየኸው ቁጥር ቁስልህን ይነካካል። ደግሞስ ያለ እሷ ምን ልታደርገው?»  አናጢውም ያለ እሷ ጭራው አይገኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

አሁን ግን እግሩ መሬት አልነካ አለ። «ቬንትሌተሮቹን አምጡልኝ!» ብሎ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ለቀስተኛው፣ ግማሹ ፈርቶ፣ ግማሹ ጉዱን ለማየት ተከተለው። ክንፉ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ የአውሮፕላኑ አካል ብቻውን ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥሏል። አናጢው ቬንትሌተሮቹን በሞተሮቹ ቦታ ወደ ጭራው አዙሮ አቆመና ፋርማሲስቱን ጎተተው።

«ተመልከት። ወደ ላይ የቆመው ጭራ አንድ ነው፣ እሱም መሀል ላይ። የሞተሮቹ ነፋስ በጎንና በጎኑ ያልፋል፣ ልክ እንደ ሪባኗ! እንግዲህ ጭራው ሁለት ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ሞተር ጀርባ አንድ አንድ። አንዱ ሞተር ቢቆም የቀረው ለራሱ ጭራ ይነፋለታል!»

«ወንድሜ፣ ትንሽ አረፍ ብትል...»

«ኧረ ዝም ብለህ አብራው!»

ፋርማሲስቱ ሳይወድ በግዱ የቀኙን ብቻ አበራ። አናጢው የመሀሉን ጭራ ጠርዝ አጠፈ፤ አውሮፕላኑ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሁለት ካርቶን ቆርጦ በአግድሙ ጭራ ሁለት ጫፎች ላይ በፕላስተር አቆማቸው፣ ጠርዛቸውን አጠፍ አድርጎ እጁን ለቀቀ። ያ ግዙፍ አካል መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ፈጠን ብሎ ዞረ።

«እሰይ!» አለ ባለሱቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

«ድገመው እስቲ» አለ ፋርማሲስቱ። ደገሙት። በሦስተኛው ካርቶኑን ያጠፈው ራሱ ፋርማሲስቱ ነው። «ሰማ እኮ!» ብሎ ጮኸ፣ እንደ እህቱ እንደ ቲቸር። «በቃ፣ መኪናው ይቅር።»

አናጢው የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ኮምፔንሳቶውን አውርዶ በካርቶኑ ልክ ቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ኮላውን ከፈተ። ከዚያ ዞር እንኳ ሳይል እርሳሱን አንስቶ ወደ ቀኙ ዘረጋ።

«እንኪ ቲቸር፣ ምልክትሽን...»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያለው እንባ ያን ጊዜ ወረደ።

«ሳልነግራት» አለ። «አግኝቼው፣ ለእሷ ሳልነግራት!»

የቲቸር እናት ሰዉን ገለል እያደረጉ መጡ። ልጃቸው ካረፈች ጀምሮ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እርሳሱን ከእጁ ወሰዱ።

«የት ላይ ነበር የምታደርገው?»

«ጥጉ ላይ ነው እማማ። እዚህ።»

«እንዴት አድርጋ?»

በጣቱ አሳያቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ምልክቱን አደረጉ፤ ትንሽ ተጣመመ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው አቧራውን እፍ አሉበት።