የዱባለ ግራ ኩላሊት

ዱባለ ቀኝ ኩላሊቱ በጠጠር ተበላሽታ ከወጣችለት ስምንት ወር ሞላው። በነዚህ ወራት የኮልፌ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖበታል። አንዱ ጎረቤት የቀረችው ኩላሊት ታድጋለች ቢለው ሳያጣራ አመነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳትጨፈለቅ ብሎ በቀኝ ጎኑ ብቻ ይተኛል፤ ቀበቶም እርም ብሏል። ይባስ ብሎ ሱሪዎቹን ሰብስቦ ልብስ ሰፊው በዛብህ ዘንድ ሄደና በግራ በኩል ብቻ አራት ጣት እንዲያሰፋለት አዘዘ። በዛብህ ምክንያቱን ሲሰማ አልሳቀም። ልኩን ወስዶ ሲያበቃ፣ ምናልባት ከዚህም ካለፈች ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ ልተውላት ወይ ብሎ ጠየቀ። ዱባለ በደስታ ተስማማ።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያስጨነቀው የሥራ ናፍቆት ነው። ከበሽታው በፊት መንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ቋሚና አጠና ይሸጥ ነበር። በዚህ ንግድ ጭነት ሲራገፍ የቋሚውን ወፍራም ጫፍ የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ የረዳት ነው። ዱባለ ሃያ ዓመት ሙሉ ወፍራሙን ይዟል። ሲታመም ግን ሚስቱ ብርቱካን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። መጀመሪያ የገዢ መሳቂያ ነበረች። አሁን እንጨቱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ መድረቁን ታውቃለች፤ ሾፌሮቹም የሚጠሩት እሷን ነው። ዱባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። ኮራባት፤ ቀናባትም። ከሁሉ በላይ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንዳይቀር ፈራ።

ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ ሄደ። ሥራ ይችላል የሚለውን ቃል ብርቱካን ከሐኪሙ አፍ እንድትሰማለት።

ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ዳንኤል ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። የግራዋ ኩላሊት አንድ ጣት ያህል ረዝማለች፣ ወፈርም ብላለች አላቸው፤ ጓደኛዋ ከወጣች ወዲህ የሁለቱን ሥራ ብቻዋን ይዛለች። እንድታድግ የሚገፋፏት በሰውነት ውስጥ የሚመነጩ የእድገት ቀስቃሾች ናቸው፤ ዋነኛው የትኛው እንደሆነ ግን ተመራማሪዎች ገና እየተከራከሩ ነው አለ።

ዱባለ ተደነቀ። ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው፤ በቀበሌው ስብሰባ ሳይጠራ፣ ኮሚቴ ሳይቋቋም፣ ማንም ሳያጨበጭብ ሥራውን እጥፍ ያደረገ ከዚች ኩላሊት ሌላ ሰምቶ አያውቅም። ይህን ግን በሆዱ ያዘው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የደርጉ ሊቀመንበር ፎቶግራፍ ቁልቁል ያየዋል።

ዶክተሩ ወደ አንድ ጎን ያበጠውን ሱሪ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ብርቱካን አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ዶክተሩ ፊቱን በራጁ ጋርዶ ሳቀ። ቀበቶ መታጠቅም፣ በፈለገው ጎኑ መተኛትም፣ ሥራ ቀስ በቀስ መጀመርም ይችላል አለ።

የተመኘው ቃል ይኸው ተነገረለት። ዱባለ ሰማሽ አይደል ሊላት ወደ ሚስቱ ዞረ። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። መዳፏ ሻክሯል፣ ትከሻዋ ሰፍቷል። ስምንት ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያያት ይህን አላየም ነበር። ሊላት ያሰበውን ትቶ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ።

«ዶክተር፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «የወጣችው ብትመለስስ? ያደገችው ወደ ድሮዋ ትቀንሳለች?»

«የወጣችውማ አትመለስም፣ አቶ ዱባለ። ብትመለስ እንኳ፣ ሥራ የለመደች ኩላሊት ቦታዋን በዋዛ የምትለቅ አይመስለኝም።»

ብርቱካን ሳቋን ልታፍን ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ከአስኮ በኩል መጣ። ዱባለ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ ታጠቀ፤ በዛብህ ያሰፋው ሱሪ በግራ በኩል እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እንደ ልማዱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ ሲሄድ ብርቱካን ቀድማ ይዛዋለች። ሾፌሩ ከጋቢናው ሆኖ ያያል።

«ቀስ በቀስ ነው ያለህ» አለችው።

ዱባለ ወደ ወፍራሙ ጫፍ የዘረጋውን እጁን መለሰ። ከዚያ በቋሚው ርዝመት እስከ መጨረሻው ሄደና ቀጭኑን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ።

«በይ ቀጥይ፣» አላት፣ «ከኋላሽ ነኝ።»