ነጯን ማቆም

1.

ከአሥር ሁለት።


2.

ሁለቱም ኳሶች በአጋጣሚ ነው የገቡት። አንዷማ ከታለመላት ጉድጓድ አልፋ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ዞራ፣ ማንም ያልጠራት ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው ዘው ያለችው። ሸዋረጋ ግን ሁለቱንም ቆጠረች። ሃያ ሁለት ዓመት በክር ፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ክፍል የሠራች ሴት ናት፤ ያየችውን ትጽፋለች፣ ከጻፈች አትሰርዝም። ደብተሯን አውጥታ «የካቲት 18፤ ከ10፣ 2» አለችና ከሥሩ አሰመረችበት። ባሏ ይርዳው ከጎኗ ቆሞ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አየችው። እሱንም ልትጽፈው ምንም አልቀራትም ነበር።


3.

ታሪክ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው፤ አውቃለሁ። ግን አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት በምሳ ሰዓት የፑል ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ባትታየኝ ኖሮ ይህን ለመጻፍ ብዕር አላነሳም ነበር፣ ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩ። አሁን ወደ ኋላ ልመለስ።

ይርዳው በዚያው ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነው። አሥራ አራት ዓመት በተከታታይ፣ ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር፣ በሠራተኞች ቀን ውድድር ላይ ፋብሪካውን ወክሎ ፑል ተጫውቷል። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣል። አጣማጁ የነበረው ሰው ልጆቹ ወዳሉበት ከተማ ጠቅልሎ ሄዷል። በዚያ ላይ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ብዙ አይደለም። ከግማሽ በላይ የተሞላ የሻይ ብርጭቆ አያነሳም፣ ቆሞ ሲያወራ እጁን ኪሱ ይከታል፤ በቃ ይኸው ነው። እሱ አልተናገረም፣ እሷ አልጠየቀችም። በሌላው ነገር ሁሉ ሲነታረኩ የሚውሉ ባልና ሚስት በዚህች ብቻ ዝም ተባብለው አሥራ አንድ ወር ኖሩ።


4.

የምዝገባ ቅጽ

የውድድሩ ዓይነት፦ ፑል፣ በጥንድ
ስም፦ ይርዳው አስፋው
የሥራ ክፍል፦ ጥገና
የአጣማጅ ስም፦



ማሳሰቢያ፦ ያለ አጣማጅ የሚቀርብ ቅጽ ተቀባይነት የለውም።

ቅጹ ሦስት ቀን ቡፌው ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ሰው ተጣምሯል አላት ይርዳው። እውነቱን ግን ሸዋረጋ በፋብሪካው ክበብ ውስጥ ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ ሰምታለች፤ አራት ሰው ጠይቆ አራቱም እያፈሩ ምክንያት ሰጥተውታል። የስፖርት ኮሚቴው በበኩሉ ክብሩን የጠበቀለት መስሎት ከፊት ረድፍ አንድ ወንበርና «የክብር እንግዳ» የሚል ኮፍያ አዘጋጀለት። ይርዳው ኮፍያውን ይዞ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረው፣ ያን ቀን ራቱንም አልበላም። ያን ያህል ዓመት ቆሞ ከተጫወተበት ቦታ፣ ተቀምጦ እያጨበጨበ መሰናበት አንጀቱን እንደሚያሳርረው ለማወቅ እሱን አግብቶ መኖር ይበቃል።

በአራተኛው ቀን ባዶው መስመር ላይ «ሸዋረጋ ይመኑ፣ ጥራት ቁጥጥር» ተብሎ ተጻፈ። ይርዳው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አብደሻል ወይ አለ። ቀጥሎ ደግሞ ለመሆኑ የፑል እንጨት ይዘሽ ታውቂያለሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ መጥረጊያ ይዛ እንደምታውቅ፣ እሱ ግን ያንንም ይዞ እንደማያውቅ ነገረችው።


5.

ችግሩ ጠረጴዛው ነው። ክበቡ ያለው አንድ ጠረጴዛ ሲሆን ሕጉ ደግሞ «ተሸናፊ ይወርዳል» ነው።*

ስለዚህ ሸዋረጋ ሠራተኛው ሁሉ ካፍቴሪያ በሚሰለፍበት ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ባለው ሰዓት ብቻ መጣች። ምሳዋን ዳቦ በሙዝ አደረገችና ቆማ በላች። ሁልጊዜ የምትቆመው በበሩ በኩል ነበር፤ በሌላው ወገን የተከመሩት ወንበሮች አያስጠጉም።

________
* ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ እንጨቱን አስረክቦ ወረፋ ይይዛል። በዚህ የተነሳ ጎበዙ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ ይውላል፤ ልምምድ የሚያስፈልገው ሰው ግን አምስት ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ያያል። ሕጉን ማን እንዳወጣው ስጠይቅ፣ ስንመጣ ያገኘነው ነው አሉኝ። ያወጣው ሰው ጎበዝ እንደነበር ግን አልጠራጠርም።


6.

(ይርዳው በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የጻፈላት። ፊደሎቹ ትንሽ ይወዛወዛሉ።)

አንድ ኳስ ብቻ አስቀምጪ። አሥራ አምስቱን አትበትኚ፣ ገበያ አልወጣሽም።

ያስቀመጥሽበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። ብትስቺም ብታገቢም እዚያው መልሻት።

አቋቋምሽ አይለዋወጥ። ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ከቆምሽ ምን እንዳጠፋሽ አታውቂም።

ሁለቴ ለኪ፣ በሦስተኛው ምቺ። አራተኛ የለም።

በኃይል አትምቺ። ምን አድርጋሽ?

ስትናደጂ አቁሚና ሻይ ጠጪ።

እኔን አትይ።


7.

የካቲት 25 — 3
መጋቢት 2 — 3
መጋቢት 9 — 5
መጋቢት 10 — 1 (ከይርዳው ጋር ተኳርፈን ነበር)
መጋቢት 11 — 5
መጋቢት 23 — 6
መጋቢት 24 — 6
መጋቢት 25 — 6

ሌላ ሰው ቢሆን ስድስቱን አይቶ ዘጠኝ በሆነልኝ ይላል። ሸዋረጋን ደስ ያሰኛት ግን ስድስቶቹ መደርደራቸው ነው። አንድ ቀን አንደኛ ደረጃ ክር ፈትሎ በማግስቱ እንደ ገመድ የሚያወፍር ማሽን እንደሌለ ይቆጠራል፤ መካከለኛውን ክር ሳያዛባ የሚያወጣው ነው ማሽን የሚባለው። ይህን ለይርዳው ስታስረዳው እሱ በበኩሉ የቀረበልኝ ሚስቴ ናት ወይስ የላቦራቶሪ ሪፖርት ብሎ ጠየቃት።


8.

አሁን የውድድሩን ደንብ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጥንዶች የሚመቱት እየተቀያየሩ ነው፣ አንዴ እሷ አንዴ እሱ። እሷ ብታገባም ቀጣዩን የሚመታው እሱ ነው፤ በእንጨቱ የምትመታው ነጯ ኳስ እሷ ከተወቻት ቦታ ላይ ሆና ትጠብቀዋለች።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሳምንት ሸዋረጋ የራሷን ትታ የይርዳውን ምት ተከታተለች። እንደ ሥራዋ ነው የተከታተለችው። ነጯ ከምትመታው ኳስ አንድ ስንዝር ርቃ ስትቆም ይርዳው አይስትም። ሁለት ስንዝር ሲሆን አልፎ አልፎ ይስታል። ክንድ ከሆነ ግን እንጨቱ ጫፍ ላይ ያችው መንቀጥቀጥ ትታያለች፣ ኳሷም ወደፈለገችበት ትሄዳለች፤ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ።

ያየችውን ሁሉ የምትጽፍ ሴት ይህን አልጻፈችም።

ገባት። የእሷ ሥራ ኳስ ማስገባት ብቻ አይደለም። አስገብታ ስታበቃ ነጯን ለይርዳው አንድ ስንዝር ላይ አቁማ መስጠት ነው። ከዚያ በላይ ከራቀች እሱ በሰው ሁሉ ፊት ይስታል፣ ያቺ ወንበርም ከፊት ረድፍ ትጠብቀዋለች።


9.

ቁሚ።


10.

ለኳሷ ነው የምትለው። ነጯን ከመሃሏ ዝቅ አድርገው በልኩ ከመቷት፣ ሌላዋን ገፍታ እሷ ባለችበት ቀጥ ትላለች። በልኩ ካልሆነ ትከተላለች ወይም ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሸዋረጋ ቀኑን በሙሉ፣ ክር እየመዘነችም ቢሆን፣ «ቁሚ» ስትል የሥራ ባልደረቦቿ ያዝኑላት ጀመር።

ይርዳው ተነጫነጨ። ረጅም ምት ትታ አጭር አጭር እየመረጠች፣ ደፋር ሁኚ ሲላት ነጯን እያባበለች፤ ፈሪ ናት ብሎ ደመደመ። ዕድሜዬ ነው፣ ወገቤ ነው እያለች አሳለፈችው።

ሚያዝያ 20 — 8።
ሚያዝያ 21 — 8።
ሚያዝያ 22 — 8።


11.

ሚያዝያ 23። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ የዘንድሮው አስተናጋጅ የሳሙና ፋብሪካ ክበብ። አዲስ ጠረጴዛ፣ አዲስ ጨርቅ፣ ወንበር ሙሉ ሰው። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያሸንፋል። ተጋጣሚዎቻቸው ሁለት የሳሙና ፋብሪካ ጎልማሶች ናቸው፤ ሸዋረጋን ሲያዩ እንደ እናታቸው ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት፣ ይህም አናደዳት።

የመጀመሪያ ምቷ ሳተ።

ሁለተኛውም ሳተ።

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው።

አንድም አላስገባችም። ለይርዳው የደረሱት ሁሉ ሩቅ ሩቅ ሆኑ፤ ሁለቱን በጥበቡ አዳነ፣ ሦስቱን ሳተ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ለጎልማሶቹ ሆነ። አንደኛዋን ኳስ ሲስት ከኋላ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ሸዋረጋ ሰማችው፣ ይርዳውም ሰምቶታል፤ እንጨቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ኪሱ ከተተ።


12.

(የአሥር ደቂቃ እረፍት፣ ከክበቡ ውጭ፣ ኒም ዛፍ ሥር።)

ይርዳው፦ በቃ ሸዋዬ። እስከዚህ መምጣታችንም ትልቅ ነገር ነው።

ሸዋረጋ፦ በየት በኩል ነው የሳትኩት?

ይርዳው፦ ምን?

ሸዋረጋ፦ አምስቱንም። በየት በኩል ነው ያለፉት?

ይርዳው፦ በግራ።

ሸዋረጋ፦ ሁሉም?

ይርዳው፦ ሁሉም። ሁለት ጣት ያህል።

ሸዋረጋ፦ የእኛ ክበብ ጠረጴዛ ያዘነብላል እንዴ?

ይርዳው፦ ከበሩ በኩል ስትቆሚ ወደ ቀኝሽ፣ ወደ መስኮቱ ትንሽ ትሳባለች። ድሮ አንድ እግሯ ሰጥሞ ነው። ሁሉም ሰው እኮ ያውቀዋል።

ሸዋረጋ፦ እኔ አላውቀውም።

ይርዳው፦ አልነገርኩሽም እንዴ?

ሸዋረጋ፦ ዘጠኝ ሳምንት አጠገቤ ቆመህ አልነገርከኝም።

ይርዳው፦ ረሳሁት። እውነቴን ነው። እጄ ራሱ ስለሚያስተካክለው ትዝ አይለኝም።

ሸዋረጋ፦ ደግ። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚሳሳት ማሽን አይጣልም፣ ይስተካከላል። የማይስተካከለው አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚለው ነው።

(የመጨረሻውን ባትናገረው በወደደች።)

ይርዳው፦ እሱስ ምን ይደረጋል?

ሸዋረጋ፦ እሱን አጠገቡ ሆኖ ማገዝ ነው። ና እንግባ።


13.

እዚህ ላይ የክር ፋብሪካው ክበብ ሰዎች አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል። ያቺን ጠረጴዛ ማቃናት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ከጥገና ክፍል ደግሞ ሰው አልጠፋም። ግን ጉድለቷን ከለመዱት ወዲህ ለእንግዳ ማስጠንቀቅ እንኳ ትዝ የሚለው ጠፋ። ሸዋረጋ ስምንቷን ያመጣችው በዚያች ጠማማ ጠረጴዛ ነው። ዓይኗ ሳያስታውቃት ሁለት ጣት ወደ ግራ ማለምን ተምሯል።

ሁለት ጣት ወደ ቀኝ።

ሌላ ምንም አልቀየረችም።


14.

ሁለተኛው ጨዋታ። ገባች። ነጯ ቆመች። ይርዳው አገባ። ገባች። ነጯ ቆመች። ይርዳው አገባ። ሳተች። ጎልማሶቹ ሁለት አገቡና ሳቱ። ይርዳው አገባ። ገባች። ነጯ

ቆመች።

አንድ ለአንድ።


15.

ሦስተኛው ተንጠለጠለ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ጎልማሶቹም ሰላምታውን ትተው ላባቸውን መጥረግ ያዙ። በመጨረሻ ለእነ ሸዋረጋ አንዲት አረንጓዴ ኳስ ቀረች። ከእሷ ቀጥሎ የምትመታው ጥቁሯ ናት፤ ጥቁሯን ያገባ ጨዋታው የእሱ ነው። ተራው የሸዋረጋ ነበር።

አረንጓዴዋ መሃል ጉድጓድ አጠገብ ነበረች፤ ጥቁሯ ከእሷ አንድ ስንዝር አልፋ፣ ከወዲያኛው የማዕዘን ጉድጓድ ትይዩ። አረንጓዴዋን ማስገባት ከባድ አይደለም። ነጯ ግን በትንሹ እንኳ ከተከተለች አብራ ትገባለች፣ ወደ ኋላ ከሸሸች ደግሞ ይርዳው ጥቁሯን ከክንድ ርቀት በላይ ሊመታ ነው።

ሁለቴ ለካች። በሦስተኛው መታች።

አረንጓዴዋ ገባች።

ነጯ አረንጓዴዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ደርሳ አንዴ በራሷ ዙሪያ ተሽከረከረች፣ ሌላም ጊዜ ተሽከረከረች፣ ከዚያ ዝም አለች። ሸዋረጋ በሕይወቷ ከለካቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህችን አንዲት ስንዝር ነው የወደደቻት።


16.

ይርዳው አልጎነበሰም። ነጯን አየ። ጥቁሯን አየ። ያሳለፉትን ጨዋታ በዓይኑ ወደ ኋላ ሲቆጥር ታየ፤ የደረሱትን ኳሶች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷ የት እንደቆመችለት። ከዚያ ሚስቱን አያት።

«ሸዋዬ፣ ከእረፍት ወዲህ ካንቺ አንድም ሩቅ ኳስ አልደረሰኝም።»

«አዎ።»

«ፈሪ አልነበርሽማ።»

«አልነበርኩም።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጄን ታይ ነበር?»

«ከአምና መጋቢት ጀምሮ።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። ይርዳው ቀኝ እጁን አምፖሉ ሥር፣ ጨርቁ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ዘረጋው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲታይ ትቶት ቆየ፤ ክበቡ ውስጥ ያለውም ሰው አየው። ሸዋረጋ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ዞር አላለችም።

«እንግዲያስ ይንቀጥቀጥ» አለና እንጨቱን አንስቶ ጎንበስ አለ።


17.

ሸዋረጋ ደብተሯን አውጥታ «ሚያዝያ 23፤ ይርዳው፣ ከ1፣ 1» አለችና ከሥሩ አሰመረችበት።