ጨዋታው ሳይጀመር

ጋሽ ወንድይፍራው አንድም ቀን የኮምፒውተር ጌም ተጫውተው አያውቁም፤ የጀልባዋን ጌም ወሬ ካነሡ ግን ማቆሚያ የላቸውም። በሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ያልሰማቸው ሰው ቢኖር ትናንት የመጣ ብቻ ነው።

ሳንታ ሞኒካ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ በሚያደርጉበት ዘመን፣ ልጃቸው ማዕዶት ገና ሳትራመድ፣ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት አንድ ያርድ ሴል ኮሞዶር የሚባለውን የቤት ኮምፒውተር ተሸክመው ገቡ። አብረውት ከመጡት ዲስኬቶች አንዱ እንግሊዞች የሠሩት ጌም ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ሲከፍቱት ባሕር ላይ የቆመች ጀልባ ታየች፤ ለመጀመር ቁልፉን ተጫኑ የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ ሙዚቃው። ያለው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ እንደ ንብ ይነዝራል፣ አንዱ እንደ ዋሽንት ከላይ ይሄዳል፣ አንዱ ከሥር ይደልቃል። ሚስታቸው እትዬ ሮሐ ማማሰያ እንደያዙ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ፤ ትከሻቸው ቀድሟቸው ነበር። የሠራው ፈረንጅ በእናቱ በኩል ጎንደሬ ነው ብለው ፈረዱ።

ቁልፉን ከተጫኑት ግን ጨዋታው ይጀመርና ሙዚቃው ይቋረጣል። እንደገና ሎድ አድርጎ እስኪከፈት ሻይ ፈልቶ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቤቱ ሕግ ወጣ፤ ቁልፉን ማንም አይነካም። እንግዳ መጥቶ ቁልፉ ያለበትን የመጫወቻ እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ አየት ካደረገ እትዬ ሮሐ ቀስ ብለው አንሥተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። እንግዳው ሲሄድ ነው የሚጨፍሩት። ሙዚቃው አልቆ እንደገና እስኪነሣ ትንሽ ዝም የሚልባት ቦታ አለች፤ እዚያ ሲደርስ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቁታል፤ ሲመለስ ይስቃሉ።

ማሽኑ ተቃጥሎ ከተጣለ ቆየ። እትዬ ሮሐም ካረፉ ዓመታት አለፉ። ፎቷቸው ግድግዳ ላይ አለ፣ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ላይም አሉ፤ ግን እዚያ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ንስሐ ልጅ ቁጭ ብለዋል። ሰው ፊት አይጨፍሩማ። ያንን ትከሻ ያዩት ጋሽ ወንድይፍራውና ጀልባዋ ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ማዕዶት ጌሙን ስልኳ ላይ አገኘችውና ፌርፋክስ ቡና ቤት ለተቀመጡት አባቷ ከፈተችላቸው። ጓደኛቸው ለይኩን፣ የድሮው ታክሲ ነጂ፣ አብሯቸው ተቀምጧል። ጀልባዋ ያችው፣ ባሕሩም ያው። ሙዚቃው ግን ጋቢ ለብሶ እንደሚሄድ ሽማግሌ ዝግ ብሎ መጣ።

ይሄ አይደለም አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ማዕዶት እሱው ነው፣ ኦሪጅናሉ ነው አለች።

«ሮሐ የነበሯት ሁለት ትከሻዎች ናቸው» አለ ለይኩን። «አንተ በየዓመቱ እየጨመርክ አራት አደረስክላት።»

ተሳሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ቤታቸው ገብተው ግን ሙዚቃውን በራሳቸው ስልክ ደጋግመው ከፈቱና የሮሐን ትከሻ ሊያስገቡበት ሞከሩ። አልገባም። ዘፈኑ ልክ ከሆነ የዋሸው የእሳቸው ልብ ነው። ትከሻውን ከራሳቸው ከጨመሩ የሮሐን ሳቅስ? ድምፃቸውንስ? ለማዕዶት ደውለው አንዲት ነገር ብቻ አሏት፦ «እንደዚያ ካልነበረች፣ እኔ የምናፍቀው ማንን ነው?»

ማዕዶት ነገሩን በማግስቱ ቶራንስ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ይዛው ሄደች። እዚያ የቤቱን ጋራዥ በአሮጌ ኮምፒውተር የሞላ አንድ አሜሪካዊ አለ፤ ለእሱ ነገረችው። ሰውየው ሳቀ። ያ ኮምፒውተር የሙዚቃውን ምት የሚቆጥረው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው አላት፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ሥዕሉን ያድሳል፣ የአሜሪካው ስልሳ ጊዜ። እንግሊዝ አገር ዝግ ብሎ የሚሄደው ዘፈን እዚህ ሲደርስ ይሮጣል። ስልኩ ላይ ያለው የእንግሊዙ ነው።

«አባዬ» አለች ማዕዶት በስልክ፣ «እማዬ ልክ ነበረች።»

ቅዳሜ ድራይቭ አድርጋ ሰውየው ቤት ወሰደቻቸው። ጋሽ ወንድይፍራው ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ነበር፤ የት ነው የምትሄደው ብሎ ለይኩን ቢጠይቃቸው ሰው ልጠይቅ ነው አሉት። ጋራዡ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ተሰጣቸው። ኮምፒውተሩ ሲያጉረመርም ቆይቶ ጀልባዋ ብቅ አለች። ከዚያ ሙዚቃው እየተቻኮለ መጣ፤ ንቡም፣ ዋሽንቱም፣ ድለቃውም። ጋሽ ወንድይፍራው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማማሰያው እንኳ በቦታው ነበር።

የጋራዡ ባለቤት ደግ ሰው ነው፤ እንግዳ ጨዋታውን ሳያይ አይሂድ ብሎ ጣቱን ወደ ጆይስቲኩ ቁልፍ ሰደደ።

«አትንካው» አሉ አባትና ልጅ በአንድ አፍ።

ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ እጁን ግን ሰበሰበ። ማዕዶት ጆይስቲኩን ቀስ ብላ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሙዚቃው አልቆ ዝም አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ጠበቁ።