ያዥና መቺ

የዳቦ አከፋፋዩ አሮጌ መኪና ከጠዋት ጀምሮ በክሪክ ተሰቅላ ቆማለች። የሚጮኸው የፊት ጎማዋ ወልቋል፤ ትልቁ ዳዶም ተፈትቷል። የቀረው አክስሉን ከሞዞው፣ ጎማው ከሚታሰርበት ክብ ብረት ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ገፍቶ ማውጣት ብቻ ነበር። ብቻ ማለት ለአፍ ይቀላል። ስንት ክረምት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ዝገት ሁለቱን ብረቶች አንድ አካል አንድ አምሳል አድርጓቸዋል።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው!» አለ ዳቦ አከፋፋዩ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ። «ቤንዚን ርጩበትና ክብሪት ጫሩበት።»

«አንተ ዳቦህን ጠብቅ» አለው ታላቅየው።

ጋራዡ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ከአባታቸው ወርሰውታል፤ ከነሕጉ ነው የወረሱት። አስቸጋሪ ብረት ሲያጋጥም አንዱ የናስ ዘንግ ብረቱ ላይ ደግኖ ይይዛል፣ ሌላው በትልቁ መዶሻ ዘንጉን ይመታል። መቺው መዶሻውን ከማውረዱ በፊት «እጅህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያዡ «አለች!» ካላለ አይመታም። ታላቅየው ያዥ፣ ታናሽየው መቺ ሆነው ጢማቸው ሳይበቅል ጀምረው እንዲህ ሠርተዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በመንገድ ሲያገኛቸው «እጅህ?» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ጉዱ የመጣውም ከዚሁ ልማድ ነው። አምና አንድ ቀን ታናሽየው «እጅህ?» አለ። መልሱን ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው ስለኖረ፣ ሳይመጣ የመጣ መሰለውና መዶሻውን አወረደው። ታላቅየው ለካ ላቡን ሊጠርግ ዘንጉን ወደ ግራ እጁ እያዛወረ ነበር። አውራ ጣቱ ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ፤ ጣቱ ግን ጎብጦ ቀረ፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ በወጉ አይቆልፍም።

«ይሁን፣ ሥራ ነው» ነበር ያለው ታላቅየው። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳበትም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዘንጉን በእጁ ይዞለት አያውቅም፤ በረጅም ፒንሳ ነው የሚይዘው፣ ያውም ክንዱን ዘርግቶ። እጅ በሌለበት «እጅህ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ጥያቄው ቀረ፤ መልሱም አብሮ ቀረ። ታናሽየው ያቺን ፒንሳ ባየ ቁጥር፣ በአፉ ምሮኛል፣ በእጁ ግን አልማረኝም ይላል ለራሱ። ወንድሙ አንዴ ሰድቦት ቢገላገል ይሻለው ነበር።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ና ሲለው እሺ ያለውም ለዚሁ ነው። ሰኞ ይጀምራል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ለወንድሙ ግን ገና ትንፍሽ አላለም። ሐሳቡ ይህን አክስል አውጥቶ ሊነግረው ነው። አክስሉ ደግሞ አልወጣም ብሎ የማለ ይመስላል።

ታናሽየው የአክስሉ ጥርስ በመዶሻ እንዳይደፈጠጥ ዳዶውን ጥቂት መልሶ አሰረና መምታት ጀመረ። ታላቅየው ዘንጉን በፒንሳው ያዘ። ድም። ዘንጉ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አነሱት። ድም። አሁንም ዘለለ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጡት፣ ጠበቁ፣ መቱ፣ ደግመው ጠበቁ። አክስሉ ንቅንቅ አላለም።

«ዳቦዬ ደረቀ» አለ አከፋፋዩ።

«ደንበኞችህ ጥርሳቸውን ይሳሉ» አለው ታላቅየው፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዘንጉን አነሳ፣ በጎበጠው አውራ ጣቱ እንደ ምንም ጠቅልሎ በባዶ እጁ ያዘው፣ አክስሉ ላይ ደገነው።

«ምታ።»

ታናሽየው መዶሻውን ዝቅ አደረገ። «ፒንሳውን ያዝ ጋሼ።»

«ፒንሳ ያንሸራትታል። ምታ አልኩህ።»

«አልመታም።»

«አውቄው ነበር።» ታላቅየው ቀና ብሎ አየው። «ከዚያን ቀን ወዲህ አንተ ብረት መትተህ አታውቅም፤ እሹሩሩ ነው የምትለው። መዶሻው ሲወርድ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ጣቴ የተሰበረ ጊዜ ግድግዳ ይዘህ የቀረኸው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም። ሁለተኛ ብትስትብኝ መዶሻ የምታነሳ አልመሰለኝም። ፒንሳውን ያመጣሁት አንተ እንዳትፈራ ብዬ ነው። የኔ ጣትማ አንዴ ሆናለች፣ ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች?»

ታናሽየው መዶሻውን መሬት አስደገፈ። ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስለው የኖረው ነገር ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ተናደደ፣ አዘነም፤ ከሁሉ በላይ ግን ወንድሙን እንደዚያች ሰዓት ወዶት አያውቅም።

«ታዲያ ምነው አልነገርከኝም?»

«አንተስ ምነው አልጠየቅከኝ? ድሮ ትጠይቀኝ አልነበር?»

ታናሽየው ፊቱን በእጅጌው ጠረገና መዶሻውን ጨበጠ።

«እጅህ?»

ጠበቀ። መልሱን እያወቀው፣ በጆሮው እስኪሰማው ድረስ ጠበቀ።

«አለች!»

ዓይኑን ሳይጨፍን መታ። ዝገቱ ቡን አለ። «እጅህ?» «አለች!» ደገመ። ጥቂት እንዲህ እንደተባባሉ ከሞዞው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ። ዳዶውን ፈትተው አክስሉን በጣት ቢገፉት፣ ያ ሁሉ እምቢታ የት እንደገባ ሳይታወቅ ወደ ኋላ ሄደላቸው።

ታናሽየው ቁጢጥ ብሎ የወንድሙን እጅ ያዘ፣ አገላብጦ አየው። ከአሮጌው ጉብጠት በቀር ምንም የለውም።

«ጋሼ፣ የአውቶቡስ ድርጅቱ...»

«ሰምቻለሁ። ደህና ቦታ ነው፤ አልከለክልህም» አለ ታላቅየው፣ እጁን ሳይነጥቅ።

ዳቦ አከፋፋዩ ከሳጥኑ ተነሣ። «የዚያኛው ጎማስ? እሱም እኮ ይጮኻል። ሰኞ ላምጣት?»

«መቺው እሱ ነው፣ እሱን ጠይቀው» አለ ታላቅየው። ፒንሳውን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሊሰቅል ሄደ፤ ሰቅሎም ቶሎ አልዞረም።

«በጠዋት አምጣት» አለ ታናሽየው። «ክብሪቱን ግን ቤትህ ተወው።»