የመሬቱ ሽቦ

ሰፈሩ ስሟን ትቶ በኤሌክትሪክ መለኪያዋ ስም «ቴስተር» ይላታል። ሳትለካ የምታምነው ነገር የለም ለማለት ነው። ሻይ ቢቀዱላት እንኳ ሽቦዋን ነክራ ካላነበበች አትጠጣም ይላሉ፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። አባቷን ደግሞ «መምህር» ነበር የሚሏቸው። አስተምረው አያውቁም፤ ከእጃቸው የወጣ ሬዲዮ ሁሉ እንደ ተማረ ልጅ አፉን ፈቶ ያወራል ተብሎ ነው። እሳቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ጥገና ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ አንድ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር በጋሪ አስጭና የመጣችው ዝናብ ሲያካፋ ባረፈደበት ቀን ነው። ጋሪ ገፊው ከባዱን ሣጥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሣጥኑ ቆዳ በሚመስል ጥቁር ጨርቅ ተለብጧል፤ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ ነው።

«የወንድሜ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጊታር ይጫወት ነበር። ከሁለት ወር በፊት መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ።»

ቴስተር ወሬውን ሰምታ ነበር። ሟቹ ማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ነፍስ ይማር፣ እትዬ። ምን ላድርግልዎት?»

«እንዲሠራ አይደለም ያመጣሁት። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ፣ ስንት ዘመኑ እንደሆነ፣ ማን ማን እንደነካው ንገሪኝ። እናቴ የገደለው ከበሮ መቺው ነው ብላ ይዛለች። ያን ዕለት ገመዱን የዘረጋው እሱ ነው። ሃያ ዓመት አብረው የተጫወቱ፣ ከቤታችን ገብቶ የሚወጣ ልጅ! ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ከደጅ መለሰችው። አሁን ከቤቱ አይወጣም አሉ። እኔ እሱ ነው ብዬ አላምንም። የኔ አለማመን ብቻውን ግን ምን ይፈይዳል?»

«ይቀመጡ» አለች ቴስተር።

ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታች። ቫልቮቹ፣ እነዚያ ረዘም ያሉ የመስታወት አምፖሎች፣ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። አንዱን ነቅላ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ አናቱ ላይ ብርማ መሆን የነበረበት ቅብ እንደ ወተት ነጥቷል። አየር ገብቶበታል። «ይሄኛው ሞቷል» ልትል አፏን ከፍታ ዋጠችው።

ከዚያ ሽቦዎቹ ያሉበትን የብረት ሣጥን ስባ አወጣች። ምንም ከመንካቷ በፊት ግን ውስጡ የተጠራቀመውን ኃይል አፍስሳ፣ ዜሮ መግባቱን በቴስተሯ አረጋገጠች። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ይናከሳል። መምህር «የተነቀለ አምፕሊፋየር የተኛ ውሻ ነው፤ ሞቷል ብለህ ጅራቱን አትርገጥ» ይሉ ነበር።

«ዕድሜውን ሦስት ቦታ ላይ ነው የማነበው» አለች። ትራንስፎርመሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠረገች። «እነዚህ የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካው መለያ ናቸው። ቀጥሎ ዓመቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳምንቱ።»

«እንደ ጣቃ ጨርቅ ጠርዝ ማኅተም» አለች ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ።

«እንደሱ ነው።» የድምፅ መቆጣጠሪያውንና ስፒከሩንም አየች። «ትራንስፎርመሩና መቆጣጠሪያው የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ስፒከሩ ታናሻቸው ነው፤ በኋላ የተቀየረ። ዕቃው ወንድምዎን በዕድሜ ይበልጠዋል።»

«እኔንስ?»

«እርስዎንም።»

ልብስ ሰፊዋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የለበሰውን አይተሽ ልጅ መስሎሽ ነበር አይደል? ልብሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ዱሮ ቡናማ ነበር፣ ተቦጫጭቆ። በልደቱ ቀን አለበስኩለት።»

ቡናማ ስትል ቴስተር እጇ ቆመ። የብረቱን ውስጠኛ ግድግዳ ወደ መብራት አዞረችው። በእርሳስ የተጻፈ ቀንና ፊርማ አለ፤ ቀኑ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ፊርማው የአባቷ።

«አባቴ ናቸው» አለች። «ዕቃው እዚህ ቤት መጥቶ ነበር።»

ፊርማው የአባቷ ይሁን እንጂ ሥራው የሳቸው አልነበረም። ያን ዘመን የመምህር ዓይን ደክሞ ነበር። ሰው እንዳያውቅባቸው እሳቸው ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከደንበኛ ይጫወታሉ፣ ውስጥ ሆና የምትበይደው እሷ፤ ሲያልቅ ገብተው በጣታቸው ዳብሰው ይፈርማሉ። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ባለ ጊታሩ ልጅ ዓይኗ ላይ መጣባት። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን አዝሎ የሚመጣ። ያኔ እሷ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ሲመጣ ፀጉሯን ታስተካክል እንደነበር አልረሳችውም። የአምፕሊፋየሩን አሮጌ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ አውጥታ፣ አባቷ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሁሉ እንደሚያዙት፣ የመሬት ሽቦ ያለበት ባለ ሦስት አደረገችለት። መምህር ፈረሙበት። በሳምንቱ ልጁ ተመልሶ መጣ። የመሬቱ ሽቦ ከገባ ወዲህ መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ያጉተመትማል አለ። «ሕልሜ ውስጥ ሳይቀር ገባ እኮ። በናትሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ።» መምህር ሐኪም ቤት ሄደው ነበር። እሷም የመሬቱን ሽቦ ቆረጠችው። ጉምጉምታው ጠፋ። ልጁ እጇን ይዞ አመሰገናት።

የገመዱን መግቢያ ተከትላ በጣቷ ሄደች። ሁለቱ ሽቦዎች በቦታቸው አሉ። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ አጥሮ ተቆርጦ ጫፉ በቀይ ክር ተጠምጥሟል። ፕላስተር ሲደርቅ ይላቀቃል ብላ ክር መጠምጠም የሷ ልማድ ነው።

ቴስተሯን አነሳች። አንዱን ጫፍ ከትራንስፎርመሩ መግቢያ፣ ሌላውን ከብረቱ አካል ላይ አደረገች። መጮኽ ያልነበረበት መሣሪያ ጮኸ።

«ምን አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቴስተር ቀስ ብላ ነገረቻት። ትራንስፎርመሩ አርጅቶ ውስጡ ያለው ሽቦ ልብሱን ጥሏል፤ ራቁቱን ከብረቱ ተነካክቷል። ኤሌክትሪኩ ከብረቱ ወደ ጊታሩ ገመድ፣ ከገመዱ ወደ ክሮቹ፣ ከክሮቹ ወደ ልጁ እጅ ሄዷል። ልጁ ማይክራፎኑን ሲነካ መንገዱ ሞላ። የመሬቱ ሽቦ ቢኖር ፊውዙ ተቃጥሎ ዕቃው ዝም ይል ነበር፤ ማንም አይሞትም።

«ከበሮ መቺውስ?»

«እሱ የለበትም። እሱ የሰካው ደኅና ነው። ጥፋቱ እዚህ ውስጥ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተቆረጠውን ሽቦ አየችው። «ይሄ የስፌት ክር ነው። በክር የሚያስሩት አባትሽ ነበሩ?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ከበሮ መቺው እንደሆነ ነፃ ወጥቷል። ሙት ደግሞ አይቀየም፣ አይከሰስ፣ ደንበኛ አይጎድልበት።

«አዎ» አለች ቴስተር።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።» ዕቃውን በኋላ አስወስደዋለሁ ብላ ወጣች።

ወሬ እግር የለውም፤ ግን ቀድሞ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ጡረተኛው ሾፌር ሬዲዮውን ሊወስድ መጣ። ገና አልተጠገነም ነበር።

«ባለቤቴ ናት ውሰደው ያለችኝ» አለ አፍሮ። «የዚያ ሰውዬ እጅ የነካው ነገር ቤቴ አያድርም ብላ። እኔ ግን አላመንኩም። መምህር የመሬት ሽቦ አይቆርጥም። እኔው ራሴ አንድ ጊዜ ቁረጥልኝ ብዬው፣ ዕቃዬን ደጅ አስቀምጦ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሬሳ ሣጥን የሚሠራው አናጢ ማዶ ነው፣ እሱ ጋ ሂድ።› እንዲህ ያለ ሰው ይቆርጣል?»

ቴስተር ሬዲዮውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች። ሙት አይቀየም ያለችው ራሷ ናት። አባቷ እንደ ተቀየሟት ግን ታውቅ ነበር። ቆልፋ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም ክምር ውስጥ ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ቀና ብላ አየቻት፤ እግሯን ግን አላቆመችም።

«ዋሽቼዎት ነበር» አለች ቴስተር ቆማ። «አባቴ አይደሉም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ክሩም የኔ ነው። እሳቸው አላወቁም ነበር።»

መኪናው ስፌቱን ጨርሶ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ለምን ቆረጥሽው?»

«ያጉተመትም ነበር።»

«ቁረጪልኝ ያለሽ እሱ ነው?»

ቴስተር መሬት መሬት አየች። አንዱን ሙት አውርዳ ሌላውን ልትሰቅል ነው። እህቱ ፊት፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ። በዚያ ላይ እሱ ያለው ጉምጉምታው ይጥፋልኝ እንጂ ሽቦውን ቁረጪ አይደለም፤ የሽቦውን ነገር የምታውቀው እሷ ነበረች።

«እጁ የኔ ነው፣ እትዬ። የማውቀውም እኔ ነበርኩ።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

ቴስተር አልመለሰችም። ዝም ማለቷ መልስ ሆኖ እንደደረሳት ከልብስ ሰፊዋ ፊት ይታወቅ ነበር።

«ገና በልጅነቱ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «የግድግዳ ሰዓቱን ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ድንጋይ ወረወረበት።» ሌላ እጅጌ አንስታ ከመርፌው ሥር አስገባች። «ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽሽም። አይወጣኝም። ከበሮ መቺው ጋ ግን አንቺው ሂጂ። አባትሽ ናቸው ብዬ አውርቻለሁ፤ በኔ አፍ ሁለት ጊዜ አልናገርም።»

አድራሻውን በጠመኔ፣ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ጻፈችላት።

ከበሮ መቺው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ያህል ሆኗል፤ መጋረጃው ግን እንደተዘጋ ነው። ከበሮዎቹ በአንሶላ ተሸፍነው ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ጢሙ አድጓል። ወንበር ላይ ያለውን ልብስ አንስቶ አስቀመጣት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሲያልቅ፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ሦስተኛም አስደገማት፤ በሦስተኛው፣ «አንተ የሰካኸው ደኅና ነበር» ያለችው ጋ ሲደርስ እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ሁለት ወር ሙሉ ያንን ሶኬት በሕልሜ ስሰካ ነበር» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ማይኩን ወደ አፉ ያቀረብኩለት ግን እኔ ነኝ። ራቀኝ አለኝ፣ ገፋሁለት።»

ጥፋት አይደለም ብትለው እሱም ያውቀዋል። ቴስተር ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ከታች የሕፃናት ጩኸት ይሰማል፣ የሆነ ቤት ውኃ ይቀዳል። ቆይቶ ተነሣና መጋረጃውን ትንሽ ከፈተው፤ ለሷ ይሁን ለራሱ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ ቴስተር ሌላም ቆርጣ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችምና፣ በየአዳራሹና በየሙዚቃ ቤቱ እየዞረች አሮጌ አምፕሊፋየር ትከፍት ጀመር። አንዳንዱ ያስገባታል፣ አንዳንዱ ከበር ይመልሳታል። ለጠየቃት ሁሉ የቆረጠችው እሷ መሆኗን ትናገራለች። ጡረተኛው ሾፌር ሬዲዮውን መልሶ አመጣ፤ ሌሎቹ አልመጡም። አሁን ባንኮኒዋ ላይ ዕቃ የሌለበት ቀን ይበዛል።

ከበሮ መቺው ከሟቹ እናት ደጅ ዳግመኛ መሄዱን የሰማችው ከሰው ነው። አሮጊቷ በሩን ከፍተውለት፣ ሁለቱም እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ጋሪ ልካ አምፕሊፋየሩን አስወሰደች። እሷ ራሷ አልመጣችም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቴስተር ቆማ እጅ ትነሣለች፤ ልብስ ሰፊዋም ሰላምታውን ሳትመልስ፣ ፊቷንም ሳታዞርባት፣ ዝግ ብላ ታልፋለች።