ማባዛትና መለካት

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ስለሚመጣ ሁለቱን ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ ሞላሁ። ከማታ የተረፈውን ሽሮ አሙቄ በላሁና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና ማረም ጀመርኩ። ሃያ ያህሉን እንዳረምኩ በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አገኘሁሽ ልጇን እፀገነትን ይዛ መጥታ ነው። እፀገነትን እዚሁ ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች አስተምሬያታለሁ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። ኳንተም ሜካኒክስ ወድቃ ድጋሚ ፈተናው ለረቡዕ ጠዋት ተቀጥሮላታል። ይህንንም ከወደቀች ትባረራለች።

«አልገባኝም ትላለች፣» አለች እናቷ፣ ቁጭ ሳትል። «እኔስ መች ገባኝ? አለመግባቱን ከሆነ እዚሁ ቤቴ ተቀምጣም ትችለው ነበር፤ ሦስት ዓመት ምን አንከራተታት?»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ትቻለሁ። ቲቸር፣ የሰማይ የምድር አደራ ጥዬብዎታለሁ።» ብላ ሄደች።

እኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው። ኳንተም ሜካኒክስ ያስተምር የነበረው ሟቹ ባለቤቴ ይሄይስ ነው። አገኘሁሽ ይህን ታውቃለች፤ ስሙን ግን አላነሣችም።

እፀገነት ደብተሯን ዘረጋች። ማትሪክስ ስታባዛ እጇ አይደናቀፍም። «ስሌቱን እችለዋለሁ፣» አለችኝ። «ምን እያልኩ እንደሆነ ነው የማላውቀው። ቅዳሴ ላይ ግእዙን በቃሌ እንደምለው ነው።»

አንዱን ጥያቄ አሳየችኝ። የአንድ ኤሌክትሮን ስፒን፣ ማለትም ሽክርክሪት መሰል ባሕርዩ፣ ወደ ላይ ነው። ስፒኑን በጎን አቅጣጫ ብንለካው፣ ከተለካ በኋላ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? እሷ የጎኑን ማትሪክስ ወስዳ «ወደ ላይ» በሚለው ቬክተር አባዝታዋለች። የወጣው «ወደ ታች» የሚለው ቬክተር ነው።

«ስለዚህ ከተለካ በኋላ ወደ ታች ይሆናል። አይደል ቲቸር?»

ብዜቱን ረድፍ በረድፍ ተከተልኩት። አንድም ስሕተት የለውም። በእኔ ትምህርት ማትሪክስ ቬክተርን ይለውጣል፤ መለካትም ይለውጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለቱ አንድ ነገር መሰሉኝ።

«ልክ ነሽ፣» አልኳትና ለተማሪዎቼ ፈተና በያዝኩት ቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት።

ምልክቱን ተመለከተች። «በጎን ለክቼው እንዴት ወደ ታች ይወጣል ግን?»

«ሒሳቡ እንዲያ ካለ እንዲያ ነው።»

«የመምህር ይሄይስ ደብተሮች የሉም?»

«የሉም፣» አልኳት።

ነበሩ። መኝታ ቤት፣ በካርቶን ውስጥ፣ ከታሸጉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«እሺ፣ ቲቸር።»

እስከ ሰኞ ማታ እየተመላለሰች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ሠራን። ሁሉንም አባዛናቸው። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በአውቶቡስ ሄደች።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የካርቶኑን ፕላስተር ቀደድኩት። ከደብተሮቹ ሌላ ምን እንደነበረበት አልጽፍም። በሦስተኛው ደብተር፣ በእሱ እጅ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎች ሁልጊዜ እዚህ ይሳሳታሉ። በማትሪክሱ ማባዛት መለካት አይደለም። በጎን ከተለካ በኋላ ስፒኑ ከሁለቱ የጎን ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።»

ስልክ ደወልኩ። ኔትወርክ ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቷል። አንዳንዴ ይሠራል ወደሚባልበት ኮረብታ ወጣሁ፤ እዚያም የለም። አረፍተ ነገሩን በወረቀት ገልብጬ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።

«ነገ ጠዋት የሚወጣ መኪና አለ፣» አለኝ ትኬት ቆራጩ። «ከሰዓት ይገባል።»

«ፈተናው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ እቴ። በክንፍ አይበር።»

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

በአሥረኛው ቀን እፀገነት ፍራሿንና ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። እኔ ቤት የመጣችው በማግስቱ ነው።

«ያችኑ ጥያቄ ነው ያመጧት፣» አለችኝ። «እንደሠራነው ሠራኋት። የቀሩትም እንደሷው ነበሩ።»

ደብተሩን አምጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት። በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማባዛቱ መለካት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።

ከአረፍተ ነገሩ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። ጥጉ ላይ በትንሹ «እዚህ ላይ በቃል አስረዳ» ብሎ ለራሱ ጽፏል። ገለጥኩት። በሚቀጥለው ገጽ ሌላ ርእስ ይጀምራል። ማብራሪያው የለም።