የቀረችው አንዲት ወንበር

እህቴ ባርብራ የወይዘሮ ኪልባንን ቤት ለዓመታት ስትጠርግ፣ ሴትዮዋ አንድም ቀን አይሪሽኛ ትችያለሽ ወይ ብላ ጠይቃት አታውቅም። ምን ብላ ትጠይቅ! ወለል ለመወልወል ቋንቋ አያስፈልግም። እህቴም እንግሊዝኛ እያወራች ገባች፣ እንግሊዝኛ እያወራች ወጣች።

እኛ የኮኔማራ ልጆች ነን፤ አይሪሽኛ አፍ መፍቻ ከሆነበት ከአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ። ሥራ ፍለጋ ወደ ኪልደርግ ከተማ መጣን፤ እኔ ጡብ ተሸካሚ፣ እሷ ቤት ጠራጊ። ባሏ እዚሁ ሞተ። ልጇ እንግሊዝ አገር ሄዳ እዚያው ቀረች፣ መቃብሯም እዚያ ነው። የልጅ ልጇ ኤትና በዘጠኝ ዓመቷ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣችልን። ያኔ ጉልበቴ ከድቶኝ እኔም እህቴ ቤት ገብቼ ነበር። ልጅቷ ስትመጣ አይሪሽኛ የሚባል ነገር ጆሮዋ ሰምቶ አያውቅም። ሁለት ክረምት ሳይሞላ እንደ አያቷ ትቀልድበት፣ እንደ እኔ ትሳደብበት ጀመር። በቤታችን ሌላ ቋንቋ አይነገርም ነበር።

በከተማችን በአይሪሽኛ የሚያስተምር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ኤትና ስትመጣ ሞልቷል ብለው መልሰዋታል። ልጆቹ እሱን ሲጨርሱ ግን መሄጃ አልነበራቸውም፤ ሁለተኛ ደረጃው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ወይዘሮ ኪልባን በዚህ ተነሳች። ኮሚቴ አቋቁማ፣ ሊቀመንበር ሆና፣ ሁለተኛ ደረጃም በቋንቋችን ይሁን እያለች ቤት ለቤት ዞረች።

ነገሩን እኔም ወደድኩት፤ ለምን እዋሻለሁ። በልጅነቴ ጎልዌይ ከተማ ካሉት መነኮሳት ዘንድ ለሁለተኛ ደረጃ ልከውኝ ነበር። መነኩሴው ዝናብ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀኝ። ዝናብን እኔ ሳላውቅ ማን ያውቃል! በራሴ ቋንቋ መለስኩለት። «አንተ ወደ ድንችህ ተመለስ፣ ድንች እንግሊዝኛ አይጠይቅህም» አለኝ፣ ክፍሉም ሳቀብኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የመነኩሴውን ጥርስ ዛሬም አልረሳሁትም።

ከደብሊን ባለሥልጣናት ሲመጡ ኮሚቴው ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ጠራ። እኔንና ባርብራን ከፊት አስቀመጡን። ወይዘሮ ኪልባን የእህቴን ክንድ ይዛ አስነሳቻትና «እነሆ፣ ሕያው ቋንቋችን!» አለች፤ ገበያ እንደወጣች ጊደር። ባርብራ እናታችን ያስተማረችንን የማታ ጸሎት አደረሰች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ የከተማው የጥርስ ሐኪም፣ አለቀሰ። ፎቶ ሲነሱ አንድ ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አባባ፣ ትንሽ ወደዚያ» አለኝ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ከእኔ የታየው ክርኔ ብቻ ነው።

ተፈቀደ። ሙሉ ትምህርት ቤት ግን አልሰጡም። ከእንግሊዝኛው ሁለተኛ ደረጃ በስተጀርባ አንዲት ክፍል ሰጡ፣ «ጥያቄው ሲበዛ እናሰፋዋለን» ብለው። ክፍሏ ከአይሪሽኛው መጀመሪያ ደረጃ በመጡት ልጆች ሞላች። አንዲት ወንበር ቀረች። እሷም ቤቱ አይሪሽኛ ለሚነገርበት ልጅ ትሁን ተባለ፤ ኮሚቴዎቹ ቤቱ ድረስ ሄደው በጆሯቸው ሰምተው ሊወስኑ።

ባርብራ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እንግዲህ የኤትና ናት። በዚህ ከተማ ሌላ ማን አለ?»

ኤትና ያን ሰሞን በእግሯ አትሄድም፣ ትዘል ነበር። በምትማርበት በእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ልጆቹ በአነጋገሯ ይስቁባት ነበር፤ «የእንግሊዝ ልጅ» ይሏታል። «አባባ» አለችኝ አንድ ቀን ድንች እየላጠች፣ «እዚያ ክፍል ከገባሁ የሚስቅብኝ የለም። ከሁሉም እበልጣለሁ።»

«ትበልጫለሽ» አልኳት። ልክ ነበርኩ።

የሚመጡበት ቅዳሜ ደረሰ። ባርብራ መስኮቱን ወለወለች፣ ጠርዙ ወርቅማ የሆነውን ስኒ አወጣች፣ የፖም ኬክ ጋገረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ፌስቲ፣ አንተ ጓሮ ውጣ።»

«ምን በደልኩ?»

«ገና ልትበድል ነዋ! አፍህን አውቀዋለሁ።»

ወጣሁ። የማገዶው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም እሰማለሁ።

ወይዘሮ ኪልባን አንዲት ወጣት መምህርት አስከትላ መጣች። በሩ ላይ በአይሪሽኛ ሰላምታ ሰጠች። የእሷ አይሪሽኛ በአዲስ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ አንዱን ቃል ረግጣ ሌላውን እስክታገኝ ተመልካቹ ይጨነቃል።

«ይግቡ፣ ይግቡ ወይዘሮ ኪልባን፤ ብርዱ አይምታዎት!» አለች እህቴ። በእንግሊዝኛ።

ይህን የሚረዳ የእኛ አገር ሰው ነው። እንግዳ በቋንቋህ ሲደናቀፍ ቆመህ አታይም። አንተ ወደ እሱ ትሻገርለታለህ። በሚንተባተብ ሰው ላይ የራስህን አንደበት ማፍሰስ ሰውን በገዛ ቤትህ ማዋረድ ነው፤ እናታችን ለዚህ በጥፊ ትመታ ነበር። ደግሞም ጥሩ ካፖርት ለለበሰ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ለቄሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለአሠሪም። ኤትናን እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናት። ባርብራ ደግሞ ሴትዮዋ ሆቴል ውስጥ ሰምታኛለች፣ የመጣችው ለወጉ ያህል ነው ብላ አስባለች።

«ኤትና» አለች ወይዘሮ ኪልባን በዚያ በሚያነክስ አይሪሽኛዋ፣ «አንቺ... ትምህርት ቤታችንን... ለምንድን ነው... የምትፈልጊው?»

«እርስዎ እንደሚቀልዎት ያውሩኝ» አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። «በእንግሊዝኛም ይሆናል፣ ግድ የለም።»

ጓሮ ሆኜ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

«ለእኔማ አይከብደኝም የኔ ልጅ» አለች ሴትዮዋ፣ እሷም በእንግሊዝኛ። «ለአንቺ ከበደሽ እንዴ?»

«ኧረ አልከበደኝም።»

«እንግዲያው ከአያትሽ ጋር እስቲ አውሩ። እኛ ዝም ብለን እንሰማለን።»

ባርብራ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። «እርስዎን ቁጭ አድርገን እርስ በርሳችን ልናወራ! ምን ዓይነት ነውር ነው! ይልቅ ኬኩን ይቅመሱልኝ።»

ኬኩን ቀመሱት። አመሰገኑ። ሊነሱ ሲሉ አላስቻለኝም፣ በጓሮ በር ገባሁ። ያለኝን አይሪሽኛ ሁሉ አወረድኩባት። እህቴ ወለልሽን ስትጠርግ ይህን ቋንቋ በጉሮሮዋ ይዛ ነበር፣ አንቺ በትምህርት የገዛሽው እኛ ከጡት ጋር የጠባነውን ነው፣ ልጅቷን አሁን ጠይቂያት አልኳት። ወጣቷ መምህርት ገብቷት ዓይኗ ፈጠጠ።

ወይዘሮ ኪልባን ጓንቷን አጠለቀች። «አቶ ፌስቲ፣ ለትምህርት ቤት ያመለከቱት እርስዎ አይደሉም።»

ወጣቷ መምህርት አፏን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች ነበር።

«እህቴ ሆቴል ስትጸልይ ሰምተሻታል!» አልኳት።

«ጸሎት ማንም ይሸመድዳል» አለችና ወጣች።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን በቤቱ የሚነገር አይሪሽኛ አልሰማንም አሉ። ወንበሯ ለጥርስ ሐኪሙ ልጅ ተሰጠች። ልጁ በክረምት ካምፕ የተማረውን፣ ስለ ዶልፊን የሚል ነገር፣ ሳይተነፍስ አነበነበላቸው አሉ። አባትና እናቱ በሁለት ወገን እየተቀበሉት።

«በገዛ አፍሽ ዘጋሽባት» አልኳት እህቴን። «ለዚያች ሴትዮ አዝነሽ የልጅሽን ልጅ ቀበርሽ።»

«እንግዳ ነበረቻ» አለች። እኔም አልተውኳትም፤ ጠዋትም ማታም እነግራታለሁ። ልትሰማው ይገባል።

አንድ ቀን ሦስታችንም ሥጋ ቤት ተሰልፈናል። ወይዘሮ ኪልባን ከፊታችን ናት። ባርብራ ምን እንደገባባት አላውቅም፣ ስሟን ጠርታ በአይሪሽኛ ጀመረች። ልመና አይደለም፣ ቁጣም አይደለም፤ እንደ ወንዝ ወረደ። የሞተችውን ልጇን አነሳች፣ ኤትና በሻንጣ የመጣችበትን ቀን አነሳች፣ በመጨረሻ ወንበሯን ጠየቀች። ሥጋ ቆራጩ ቢላውን አስቀመጠ። ኤትና ቅርጫቱን እንደያዘች ቀና ብላ አያቷን ታያለች፤ ፊቷ እንዲያ ሲበራ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ወይዘሮ ኪልባን ሲሶውን እንኳ የሰማች አልመሰለኝም። «ባርብራ!» አለች በእንግሊዝኛ። «እንዲህ ታምሪያለሽ! ያን ቀን የት ደብቀሽው ነበር?»

እህቴ ሰው እየሰማት መሆኑን አየች። ድምፅዋ ወረደ፣ ወደ እንግሊዝኛም ተመለሰች። «እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»

«እኔ?» ሴትዮዋ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «እኔ በዚህ ቋንቋ ዲግሪ አለኝ።» ሥጋዋን ተቀበለች። «ለማንኛውም ክፍሉ ሞልቷል። ግን እንዲህ ያለ አንደበት መባከን የለበትም። ረቡዕ ረቡዕ መጥተሽ ለምን ልጆቹን አታጫውቺልንም? እውነተኛውን ነገር ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሻይ አለ።»

ባርብራ ኤትናን አየቻት። ከዚያ ሴትዮዋን።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለች።

ኤትና ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አሁን ልጅቷ እዚያው ግቢ ትማራለች፣ በፊት ለፊቱ በር፣ በእንግሊዝኛው በኩል። ረቡዕ ረቡዕ አያቷ ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ በሜዳው አቋርጣ ከጀርባ ወዳለችው ክፍል ስትሄድ በመስኮት ታያታለች። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ በር ይከፍትላታል አሉ። ባርብራም አመሻሽ ላይ ልጆቹ ምን እንዳሏት ልትነግረን ትጀምርና የሚሰማት ስታጣ ትተወዋለች።

ባለፈው ሳምንት ድስቱን ከእሳት አውርዳ ኤትናን በአይሪሽኛ ለራት ጠራቻት። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አላለችም።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች በእንግሊዝኛ።

እህቴ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣ «ራት ደርሷል» አለቻት።